ያልታጠበው ጣሳ

ሮቤ ላይ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው መምህር እሸቴ ብቻ ነበር፤ በዚህም ትንሽ ይኮራል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የአዮዲን ብልቃጡን ኪሱ ሻጥ አድርጎ ገጠር ይወርዳል። ወላጅ ልጁን እንዲልክ ስብከት ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃልና ሠርቶ ያሳያል።

ሪራ መንደር የወረደው በማር ቆራጩ በመሀመድአወል ልጅ በዙቤዳ ምክንያት ነው። ደሎ መና አክስቷ ዘንድ ሆና ስምንተኛን ጨርሳ፣ አባቷ ቤት አስቀምጧታል።

"ሮቤ ላኳት፤ ኬሚስትሪ ከኔ በቀር የሚያስተምር የለም" አለ እሸቴ ገበያው መሀል፣ ማሩን ሊሸጥ ከወጣው አባቷ ፊት ቆሞ። በጣሳ የገብስ ዱቄት በጠበጠና አዮዲን ጠብ አደረገበት። ጠቆረ።

"ያ ረቢ!" አለ ሰዉ።

"ንጹሕ ማር ግን አይጠቁርም።" ጣሳውን ደፋ አድርጎ የመሀመድአወልን ማር በጠበጠበት። አዮዲኑን ጠብ ቢያደርግ፣ ማሩ ጥቁር አለ።

ግርጌው ላይ የቀረውን ዱቄት ያየው ያኔ ነው። ሊናገር አፉን ሲከፍት የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ሁንዴ ቀደመው።

"ማር ከዱቄት ቀላቅሎ ሊሸጥልን! አሻጥረኛ! ይኸው፣ ሳይንስ አጋለጠው!"

ገበያው አጨበጨበ። ጭብጨባው ለእሸቴ ነበር። የተከፈተው አፍ ተመልሶ ገጠመ።

"ወላሂ፣ ከንቦቼ በቀር የነካው የለም!" እያለ መሀመድአወል ወደ እስር ቤት ተነዳ።

እሸቴ ቡና በጫነ መኪና የሰነቴን አምባ አቋርጦ ሮቤ ገባ። እህል አልወርድለት፣ እንቅልፍ አልጠጋው አለ። ያልታጠበ ዕቃ ይዋሻል እያለ የስንቱን ተማሪ ጆሮ ቆንጥጧል! ለሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ ወረደ።

"ጓድ ሁንዴ፣ ሰውየውን ፍቱት። ጣሳውን አላጠብኩም ነበር።"

ሁንዴ ሳቀ። "አዝነህለት ነው አይደል? ሳይንስ አይሳሳትም ያልከን አንተ!"

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አይቼ ዝም አልኩ።"

"እስቲ ገበያው ላይ ውጣና በለው።"

ወጥቶ አለው። ጣሳውን ደጋግሞ አጥቦ ያንኑ ማር በጠበጠ፤ አዮዲኑ ቢገባበትም አልጠቆረ።

"ጉድ እኮ ነው! ተምሮ ተምሮ ዕቃ ማጠብ ሳያውቅ!" ብላ አንዲት ቅቤ ሻጭ ገበያውን በሳቅ አፈረሰችው። በዚህኛው ያጨበጨበ የለም።

መሀመድአወል ተፈቶ ሲወጣ እሸቴ እግሩ ላይ ሊወድቅ አጎነበሰ። "አባ ዙቤዳ፣ ይቅር ይበሉኝ..."

ሰውየው ትከሻውን ይዞ አቆመው። "ተው፣ ባርሲሳ፤ መምህር እግር ላይ አይወድቅም። አላህ ይቅር ይበልህ፤ እኔም ብያለሁ። ዙቤዳም ሄዳ ትማር።"

እሸቴ ቀና አለ።

"ብቻ ኬሚስትሪውን ሌላ ሰው ያስተምራት። ሌላ ከሌለ ትምህርቱም ይቅርባት።"

ዙቤዳ ጓዟን ቋጥራ ከአባቷ ኋላ ቆማ ነበር። ዓይኗን ወደ እሸቴ አነሳች። እሱ መሬት መሬት አየ። ልጅቷም ቁጭ አለችና ቋጠሮዋን መፍታት ጀመረች።