ለዓይን የሚስማማው ስክሪን

በ1977 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ያለው የእርዳታ መሥሪያ ቤታችን ስለ ዓይን አብዝቶ የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ነበር። ስለ ራሱ ዓይን ማለቴ ነው።

እኔ ከማሉ እባላለሁ፤ የጎንደር እስላም ነኝ። ገዳሪፍ ሱቅ ከፍቼ ከሰርኩና በረሃብ ከድንበር ማዶ የሚሰደዱትን ሰዎች ስም በደብተር የምጽፍ ጸሐፊ ሆንኩ። ስሙ የተጻፈ ማሽላና መድኃኒት ይቀበላል፤ ያልተጻፈ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከካርቱም በሎሪ ኮምፒዩተር መጣ። ሙዲሩ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ የዚያኑ ዕለት ደብተሬን ነጥቆ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። «ከዛሬ ጀምሮ ስም የሚጻፈው በዚህ ነው» አለ።

ችግሩ ስክሪኑ ሁለት ዓይነት ሆኖ መምጣቱ ነው። አንዱ ፊደሉን በአረንጓዴ ያበራል፣ ሌላው በብርቱካን ቀለም። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን መልሱ ይላል አብሮ የመጣው ደብዳቤ። ወዲያው ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መመዘኛው ለሥራ መመቸት፣ ለጨዋታ መመቸትና ዓይን አለማድከም ሆነ። ሥራውን የሚሞክር ስላልተገኘ በጨዋታው ተጀመረ። ጨዋታው እባብ ነው፤ ጥሬ እየለቀመ ይረዝማል። በዚያ ሰሞን በግቢያችን ጠግቦ የሚያድር እሱ ብቻ ነበር። ሙዲሩ እስከ ቀትር በአረንጓዴው፣ ከቀትር በኋላ በብርቱካኑ እባቡን ሲቀልብ ይውልና ዓይኑን እያሸ «ያቃጥለኛል» ይላል። ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ከበሩ ውጭ ማሬ ተቀምጣለች። ከአርማጭሆ በእግሯ የመጣች፣ ባሏን መንገድ ላይ የቀበረች ሴት ናት። የሰባት ዓመት ልጇን ውባየሁን ዳፍንት ይዟታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምንም አታይም፤ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ነው የምትሄደው። ክሊኒኩ ለዚህ የሚሰጠው ክኒን አለው፤ ግን ለተመዘገበ ብቻ ነው። ዳፍንት ከከረመ ቀኑንም እንደሚያጨልም እኔም ማሬም እናውቃለን።

«አያ ከማሉ» ትለኛለች፣ «ስሟ እኮ አራት ፊደል ነው። ስንት ቀለም ይፈጃል ብለህ ነው?»

«በክራ ነው ያሉት፣ እቴ። ነገ።»

በክራው ዘጠኝ ሆነ። በዘጠነኛው ቀን ኮሚቴው ሦስት ለሦስት ተከፈለ፤ ሰባተኛው አባል ወባ ጥሎት ተኝቷል። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። «ዓይኑን የታመመ ሰው ይፍረድ እንጂ» አልኩና ውባየሁን እጇን ይዤ አስገባኋት። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ስድስቱ ሰዎች ከሁለቱ ስክሪኖች ኋላ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

«ምን ይታይሻል?» አልኳት።

ልጅቱ አንገቷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞረች። «ሁለት መብራት አለ። ሰው ግን የለም» አለች። «ሰዎቹ የት ሄዱ?»

አንድም ቃል ሳላስቀር በዓረብኛ ተረጎምኩላቸው። ሙዲሩ ጥቂት አሰበና «ሁለቱም በደንብ ይታያሉ» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም እዚሁ ይቆዩ ተባለ።

የሱዳን ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ ከራማ ያወጣል፤ ለመኪናውም ለቤቱም በግ ያርዳል። ለስክሪኖቹም በማግስቱ አንድ የሰባ በግ ታረደ። ጉበቱን በጥሬው በሽንኩርትና በሎሚ ሊበሉት ቢላ ሲያነሱ «ስለት አለብኝ፣ ለእኔ ስጡኝ» ብዬ ዋሸሁ። ስለት ሲባል እምቢ የሚል የለም።

ዳፍንትን የአገሬ ሰው በጉበት ነው የሚያክመው። ነገር ግን በጎንደር ሰርግ ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይቀምስም፣ እኛም እነሱ ያረዱትን አንነካም። ያን ሁለት ድስት ረሃብ እንኳ አልቀላቀለውም። ማሬ ደግሞ በጉ ሲታረድ «ቢስሚላሂ» ሲባል ከበሩ ሆና ሰምታለች።

ጉበቱን ፊቷ አስቀመጥኩት።

«የእናንተ እጅ ነው ያረደው» አለች።

«አዎ። አልደብቅሽም።»

ማተቧን ጨብጣ አለቀሰች። ከዚያ «ኃጢአቱ የእኔ ይሁን» ብላ እሳት አያያዘች። ጠብሳ ለልጅቱ አበላቻት፤ እሷ ግን ጣቷን እንኳ አልላሰችም።

በአምስተኛው ቀን ምሽት ላይ ከቢሮ ስወጣ ውባየሁ ከሩቅ «አያ ከማሉ መጣ» አለች። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ወሬው ሙዲሩም ጆሮ ደረሰ። ለካርቱም ሪፖርት ጻፈ። ዳፍንት የነበረባት ሕፃን ከስክሪኖቹ ፊት ከቀረበች በኋላ ዓይኗ መብራቱን፣ በዚህም ስክሪኖቹ ለዓይን ተስማሚ መሆናቸው መረጋገጡን ገልጾ ሌላ ሃያ እንዲላክለት ጠየቀ። ምዝገባውም ሃያዎቹ እስኪመጡ ተራዘመ።

ማሬን ላስቃት ብዬ ይህንን ነገርኳት። አልሳቀችም። ከበሩ ውጭ የእናቶቻቸውን ቀሚስ ይዘው የተቀመጡትን ልጆች አንድ በአንድ ስታይ ቆየች።

«ለእያንዳንዱ ስክሪን በግ ይታረዳል?» አለችኝ።