በራስህ እጅ ጻፍ

ዋጊህ በዚያ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ ሥራው ሻይ መጠጣት ነበር። ሕጉ ዓይነ ስውርም ይቀጠር ስለሚል ቀጠሩት፤ ሥራ ይሰጠው ስለማይል አልሰጡትም። በታሪክ የሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ፣ የአሌክሳንድሪያ የባሕር ንፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር፣ ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ እንደ አንድ የቤት ዕቃ ተቀመጠ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ማን እንዳለው እንጃ፤ ዋጊህ ግን ነቅዞ ነበር።

ከዚያ ኮሚቴው መጣ። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አርጅቶ ስለነበር፣ ፋኩልቲዎቹ ሁሉ ማስታወቂያቸውንና ውጤታቸውን የሚያወጡበት አዲስ ማስተዳደሪያ ሲስተም ይመረጥ ተባለ። ኮሚቴ ሲቋቋም አንድ አካል ጉዳተኛ ይግባበት የሚል መመሪያ አለና፣ ሰብሳቢው ዶክተር ሸውቂ ዋጊህን አስጠራው።

«ምንም አትጨነቅ ኡስታዝ ዋጊህ» አለው። «ሥራውን እኛ እንሠራዋለን። አንተ መጨረሻ ላይ ማኅተምህን ይዘህ ብቅ ማለት ነው።»

እኛ ዘንድ የዓይነ ስውር ፊርማ አይታመንም፤ ስሙ የተቀረጸበትን ማኅተም በኪሱ ይዞ ይዞራል። የዋጊህ ማኅተም አውራ ጣት የምታህል ነሐስ ናት። ደመወዝ ሲቀበልም፣ ቤት ሲከራይም፣ ሚስቱን ሲያገባም የመታት እሷን ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ከማኅተም ፍቅራችን ነው። በሌላው ዓለም ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል፤ አለቀ። እኛ ግን የመንግሥት ማኅተሙ ንስር ያላረፈበትን ወረቀት ማን ያምናል? ስለዚህ ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ዲኑ ይፈርማል፣ የንስሩ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ ፎቶው ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ከኮምፒውተር የወጣ ነገር አገር ምድሩን ዞሮ ተመልሶ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ዓይን ላለው ሰው ግድ የለም። ዋጊህን ግን ስልኩ ነው የሚያነብለት፤ ስልኩ ደግሞ ፊደል እንጂ ፎቶ አያነብም። የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ በከፈተ ቁጥር ያቺ የስልኩ ሴትዮ «ምስል፤ ምስል፤ ምስል» ትለዋለች። ዓይነ ስውር ተማሪዎችም የፈተና ቀናቸውን የሚያውቁት ጓደኛ ለምነው ነበር።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ሲስተሞች ነበሩ። አንደኛው የአንድ ኩባንያ ነው፤ ዋጋው ሰማይ የነካ፣ ትልቁ ኩራቱም ወረቀት በአንድ ቁልፍ ስካን አድርጎ፣ ማኅተሙን አድምቆ መለጠፉ። ሁለተኛው በነጻ የሚገኝ ነው፤ የኮሚቴው አባል የሆነችው የኮምፒውተር ክፍሏ መሐንዲስ ራውያ ለሙከራ ተከለችው። እዚህኛው ላይ ማስታወቂያ በፊደል ይጻፋል፤ ያጸደቀው ሰው ስም ከሥሩ ራሱ ይወጣል።

ራውያ ዋጊህን አጠገቧ አስቀምጣ አስሞከረችው። በራሱ ጣት አንድ ዜና ጻፈ፣ አረመ፣ ለጠፈ፤ ስልኩም መልሳ አነበበችለት። የዚያን ዕለት ትራሙን ይዞ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ዛሬ ሥራ አድክሞኛል» አላት። ሚስቱ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። የሚናገረው ከደስታ ብዛት እንደሆነ ገብቷት እራት አቀረበች።

ይኼ ሲስተም ከተመረጠ ዋጊህ ሥራ ይኖረዋል። ያኛው ከተመረጠ ሻዩን እየጠጣ ጡረታውን ይጠብቃል። ነገሩ ይኸው ነው።

በስብሰባው ቀን የኩባንያው ሰው ሽቶውን ተቀብቶ መጣና ግድግዳው ላይ እያበራ አሳየ። «ነገር በዓይን ይገባል፤ እኔ ባላወራ ይሻላል» አለ።

«እኔስ በየት በኩል ላስገባው?» አለ ዋጊህ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ተሳቀ። ዋጊህ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ የሰውየውን ገጽ ከፈተ። ስልኩ «ምስል» አለች። ወደ ታች ወረደ። «ምስል» አለች።

«እሱ ትንሽ ነገር ነው፣ ወደፊት ይስተካከላል» አለ የኩባንያው ሰው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከዚህ የተሻለ ሲስተም አይቼ አላውቅም» አለ ዶክተር ሸውቂ።

«ቀስ ይበሉ ዶክተር» አለ ዋጊህ። «ግንባር ከሆነ በኋላ የእርስዎም ስልክ ምስል ምስል ነው የምትልዎት።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ሸውቂ ቃለ ጉባኤውን አወጣ፤ አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነበር። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ የኩባንያውን መርጧል ይላል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ አባል ቶሎ በሉ፣ ለዑምራ ወደ መካ ተሳፋሪ ነኝ እያለ ፈረመ። ራውያም ፈረመች። ውሏ የሚታደሰው በዚሁ ወር ነው፤ ዋጊህ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲዘገይ ሰምቷል፣ አልፈረደባትም።

«ማኅተምህን፣ ኡስታዝ ዋጊህ።»

«ለዚህ አልሰጥም።»

«ምን ማለት ነው አልሰጥም?»

«ያላነበብኩትን አላትምም። አራት ዓመት ወንበር ሆኛለሁ፤ ወንበር ደግሞ አይመሰክርም።»

ሸውቂ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «ስማ፣ ምድር ቤት ያለው መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋል። መስኮት የለውም፤ አንተ ደግሞ መስኮት ምን ያደርግልሃል? ይልቅ ወንድሜ፣ እልህህን ተወው።»

«መስኮቱን ለንፋሱ ነው የምወደው። ተቃውሞዬ ይጻፍልኝ።»

«አላጽፍም። ደንቡ ተቃዋሚ አባል በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ ከፊርማዎቹ ሥር ያስፍር ይላል። በራስህ እጅ። እንካ ብዕር፤ ጻፍ።»

ሸውቂ ብዕሩን ዋጊህ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። ሰው ሆኖ ይህን ማድረግ ነውር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ነውር መሆኑን አውቀዋል፣ ሁሉም ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አዩ።

ዋጊህ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው። ቦርሳውን ከፍቶ ከልጅነት ትምህርት ቤቱ ጀምሮ ያልተለየውን፣ በጣት የሚነበብ ነጥብ የሚወጋበትን የብሬል ሰሌዳና መውጊያ አወጣ። «ፊርማዎቹ የሚያልቁት የት ላይ ነው?» ሲል ራውያ ጣቱን ይዛ አሳየችው። ወረቀቱን ገልብጦ ሰሌዳው ላይ አሰረውና መውጋት ጀመረ። ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። አልቸኮለም። ሲጨርስ ወረቀቱን መልሶ ገለበጠ፣ ማኅተሟን ከኪሱ አውጥቶ ቀለም አስነካና ከጻፈው ሥር መታት።

ሸውቂ ማኅተሙን ሲያይ ፊቱ በራ። ነጥቦቹን እንደ ብል ቀዳዳ ነው የቆጠራቸው። «ይኸው፣ ይኼንን ያህል ነገር ለምን አስረዘምከው?» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ዋጊህ ሻዩን እየጠጣ ሳለ ራውያ መጣችበት። ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ዋጊህ፣ ቃለ ጉባኤው ገና ሳይጸድቅ ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል።»

ስልኩን ከፈተ። «ምስል» አለች ስልኩ።

«ምን ይታያል?»

«ፊርማዎቻችን አሉ። ከዚያ ባዶ ነጭ ቦታ፤ ከባዶው ሥር ያንተ ማኅተም። ነጥቦችህን ስካኑ አላነሳቸውም። የተስማማህ ነው የሚመስለው።»

ዋጊህ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ሻዩ እጁ ላይ ፈሰሰ። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ተንቋል፤ እምቢታው ተገልብጦ እሺታ ሲሆንበት ግን የመጀመሪያው ነበር።

«ዋናው ወረቀት የት ነው ያለው?»

«ምክትል ፕሬዚዳንቷ ጋ። ዶክተር ሸውቂ አሁን ሊያስፈርም ገብቷል።»

«ክንድሽን ስጪኝ።»

«እኔ ውሌ...» አለችና ቆመች። ከዚያ ክንዷን ሰጠችው።

ምክትል ፕሬዚዳንቷ ዶክተር ኢንሳፍ የሕግ መምህርት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው አጭር። ጸሐፊያቸው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትል ዋጊህ «እኔም የዚያው ስብሰባ አባል ነኝ» ብሏት በሩን ገፍቶ ገባ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ሸውቂ።

«ክብርት ዶክተር፣ ከመፈረምዎ በፊት» አለ ዋጊህ፣ «ከማኅተሜ በላይ ያለውን ቦታ በጣትዎ ይዳብሱት።»

ዋጊህ የወረቀቱን ኮሽታ ሰማ፤ ከዚያ የጣት መሄድ፣ የጣት መቆም።

«ጽሑፍ አለበት» አሉ ኢንሳፍ።

«ቀዳዳ ነው፣ ክብርት ዶክተር። እልህ ይዞት...» አለ ሸውቂ።

«ዶክተር ሸውቂ፣ በእጁ ይጻፍ ያለው ማን ነው?»

ኢንሳፍ ወረቀቱን ወደ ዋጊህ ገፉት። «አንብብልኝ።»

ዋጊህ ጣቱን አስቀመጠና አነበበ። «እኔ ዋጊህ በዚህ ጠረጴዛ ነበርኩ። የተመረጠው ሲስተም ለእኔና ለመሰሎቼ ግድግዳ ነው። በሙሉ ድምፅ ተመረጠ የተባለው ውሸት ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ የፈተናውን ቀን ሳይለምን እስኪያነብ ድረስ አልስማማም። ከዚህ በታች ያረፈው ማኅተም የእምቢታዬ ነው።»

ኢንሳፍ ኮምፒውተራቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና የተለጠፈውን ምስል አዩ።

«እዚህ ላይ ይኼ የለም» አሉ።

«የለም» አለ ዋጊህ። «ልትገዙት የተነሳችሁት ሲስተም የሚሠራው ይኼንኑ ነው።»

«የእኔም ስም ይሰረዝልኝ» አለች ራውያ ከበሩ አጠገብ።

ኢንሳፍ የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ። «ይኼ ቃለ ጉባኤ አይጸድቅም። ከድረ ገጹ ዛሬውኑ ይነሳ። እሁድ ኮሚቴው እኔ ፊት ይሰበሰባል፤ ሁለቱንም ሲስተም ኡስታዝ ዋጊህ ይሞክራቸው፣ እኛ እንሰማለን።» የሸውቂ ወንበር ሲጢጥ አለ።

ዋጊህ በራውያ ክንድ ወደ በሩ ሲዞር ኢንሳፍ ጠሩት። ነገሩ ያልበረደላቸው ይመስላል፤ በራቸውን ገፍቶ የሚገባ ሰው አልለመዱም።

«ኡስታዝ ዋጊህ። ከእንግዲህ ግን ስትጽፍ ሁሉም ሰው በሚያነበው ጻፍ።»

ዋጊህ አልዞረም።

«እናንተም» አለ።