ፀሐይ የመታው ሸክላ

እኔ የሞትኩ ቀን ይቺ ልጅ ከማን ጋር ታወራለች? አያቷ ይህን ጥያቄ ሌት ተቀን ያላምጡታል። የልጅ ልጃቸው ከፋርማሲ ሥራዋ ስትመለስ በሯን ዘግታ የጃዝ ሸክላዎቿን ከማዳመጥ በቀር ሌላ ነገር አታውቅም፤ ወዳጅም የላትም። ዛሬ ግን እንደ እሷ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጡ ነው። እሷ ያላትን አንድ አሮጌ ሸክላና ያው ሙዚቃ እንደገና የታተመበትን አዲስ ሸክላ እያፈራረቁ ሰምተው የትኛው እንደሚሻል ሊከራከሩ ተቀጣጥረዋል።

አያቷ በደስታ ቤቱን ሲያጸዱ አሮጌው ሸክላ ሻጋታ ሻጋታ ሸተታቸው። «ልጄን በሳል ሊጨርስብኝ!» ብለው መስኮቱ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አሰጡት።

ልጅቷ ስትመለስ ሸክላው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጣሟል። የማጫወቻውን መርፌ ብታስቀምጥበት ይዘላል፣ ጥሩምባው ያቃስታል።

«አዲሱ አለልሽ አይደል፣ እናቴ? ያውም የሚያብረቀርቀው!» አሉ አያቷ።

«እማማ፣ አዲሱማ እነሱም ጋ አለ። የሚመጡት ይሄን ሊሰሙ ነበር።»

«እንግዲያው እኔን ይውቀሱኝ። ሻይ አፈላላቸዋለሁ፤ ሸክላው እምቢ ቢል የእኔን ወሬ ይሰማሉ።»

ልጅቷ ፈገግ እንኳ አላለችም። ስልኳን አውጥታ «አትምጡ» ብላ ጻፈችላቸው። ከዚያ ሹራቧን ደረበች። አያቷ «ወዴት ነው፣ በዚህ የምሽት ብርድ?» ቢሏት፣ «ብቻዬን ልሁን፣ እማማ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።