ሜትር ቆራጭ የቀጠረችበት መንገድ

ይህን የምነግራችሁ ቀኝ እጄን ወደ ሰማይ አንስቼ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ያላመነ ሄዶ የስፌት ቤቱን ግድግዳ ይመልከት፤ ሜትር የለጠፈቻቸው አራት ወረቀቶች እስከ ዛሬ አልተነሱም።

ሜትር የስፌት ቤቱ ኃላፊ ናት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው አለ ይባላል፤ እኔ ግን አላጋጠመኝም። መለኪያው ከአንገቷ ስለማይወርድ ሜትር ተባለች። ሰው ሲያናግራት እንኳ ትከሻውን በዓይኗ ለክታ ነው የምትመልሰው። ይህ ሁሉ የደረሰበት ዋና ሰፊው አሥራ ሁለት ዓመት አብሯት ሠርቷል። ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ፈርቶ አይደለም፣ አክብሮ ነው።

ነገሩ የጀመረው አሮጌው ቆራጭ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሥራውን ሲተው ነው። ቤቱ የደንብ ልብስ ነው የሚሰፋው። ቆራጭ ከሌለ ሃያ ሁለት የስፌት መኪና አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ሰፊ ቢሳሳት ክሩ ይፈታል፤ ቆራጭ ቢሳሳት ግን ጨርቁን መልሶ የሚያበቅለው የለም።

እስከዚያ ድረስ ሰው የሚቀጥረው ባለቤቱ ነበር፤ ሁሉም አለቃ ነው የሚለው። አለቃ ልበ ደግ ነው፤ ሰው ሲመርጥ ግን ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው ነው፤ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ ይወስዳል። ከዓመት በፊት አንዱን ረዳት ቆራጭ የቀጠረው በቀልዱ ስለሳቀለት ብቻ ነው። ያ ሳቂታ በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ሱሪ ቆረጠ፤ ሰማንያውም እግር የግራ ነበር። አንዱን ሱሪ የለካው ዘበኛ ወደ በሩ እሄዳለሁ ብሎ ተነስቶ ክብ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አለቃ ግራ የሚባል ነገር ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል።

በዚህኛው ጊዜ ሜትር ቀደመችው። ይሄን ለኔ ይተዉልኝ አለችው፤ እሱም ሱሪዎቹን አስታውሶ ተወላት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ስታቅድ ሰነበተች። መጀመሪያ አለቃን ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ወንድ፣ ከሠላሳ ያልዘለለ፣ ቁመናው ያማረ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እጁን ሲጨብጡት ጠንከር የሚል ብሎ ዘረዘረላት። ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ እርሳሷን እያንዳንዱ ላይ እያሳረፈች፣ “ይሄ ጨርቁ ላይ ይታያል?” ብላ ጠየቀችው። አይታይም ባለ ቁጥር ሰረዘች። ዝርዝሩ ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ የአለቃ አንድ ቃል አልቀረም። እሷ ሦስት ጻፈች፦ የሚለካ፣ የሚቆርጥ፣ ካልገባው ደግሞ መቀሱን አስቀምጦ የሚጠይቅ።

ቀጥላ ያደረገችውን ዋና ሰፊው እስከ ዛሬ ሲያወራ አይጠግብም። አለቃን በሥራ ፈላጊ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ፊቱም ወደ መስኮቱ ነው። ከመስኮቱ ማዶ መኪና የሚታጠብበት ግቢ አለ፤ የከሰዓት ፀሐይ እርጥብ ጣሪያዎች ላይ እያረፈች ዓይን ውስጥ ትገባለች። አለቃ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ወደ ጎን ዞረ፣ ላብ ላብ አለው። ሜትር መዝገቡን ገልጣ ባለፉት ዓመታት በዚያ ወንበር የተቀመጡ ሰባት ሥራ ፈላጊዎች ሳይቀጠሩ የተመለሱበትን ምክንያት፣ በራሱ በአለቃ የእጅ ጽሑፍ የሰፈረውን፣ አነበበችለት፦ “ዓይኑ አያርፍም፤ አይታመንም።”

አለቃ ተነስቶ ወንበሩን በገዛ እጁ አዞረው።

እቅዱ ሲጠናቀቅ በአራት ወረቀት ግድግዳ ላይ ወጣ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት። መልሱን የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ ቃል በቃል ይጽፋል። ከሰዓት ተፈታኞቹ ቁጥር በዕጣ ያወጡና ተራ በተራ ከመጋረጃ ጀርባ ገብተው ከአንድ ባለመስመር ጣቃ አንድ አንድ ካፖርት ይቆርጣሉ። ዳኞቹ፣ አለቃ፣ ሜትርና ዋና ሰፊው፣ የሚያዩት ጨርቁንና ቁጥሩን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ አፉን ሳይከፍት በፊት ነጥቡን፣ ከነጥቡም ጎን ምክንያቱን ይጽፋል። በመጨረሻ ያላለፈ ሁሉ ለምን እንዳላለፈ ይነገረዋል። ለሥራው የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁን የሚልም ነበረበት። አንዷ አመልካች በግራ እጄ ነው የምቆርጠው፣ የራሴን መቀስ ላምጣ ወይ ብላ ጻፈች። አለቃ “ግራ” የሚለውን ሲያነብ ወረቀቱ ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። ሜትር ግን መብራቱን ወደሌላው ጎን የሚዞር አድርጋ አሠራችው።

እቅዱን አንብባ ስትጨርስ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ዘመድም ሆነ ወዳጅ፣ ባላንጣም ቢሆን ያለው ዳኛ አሁኑኑ ይውጣ፣ ነውር የለውም አለች።

ዋና ሰፊው አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ አየ። ታናሽ ወንድሙ ከስድስቱ ተፈታኞች አንዱ ነበር።

ወንድሙ ይቆርጥበት የነበረው ቤት ከተዘጋ አሥራ አራት ወሩ ነው። የሚያድረው በዋና ሰፊው ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው፤ እግሩ ከሶፋው ስለሚያልፍ በርጩማ ይጨምርበታል። የዋና ሰፊው ሚስት መልካም ሴት ናት፤ ነገር ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሳህን ስታስቀምጥ ድምፁ ከፍ ብሏል። ወንድሙም በዚያ ሰሞን ይሄ ካልሆነ መቀሴን ሸጬ ጭነት አወርዳለሁ ብሎት ነበር፤ ቀልዱን እንዳልሆነ ዋና ሰፊው ያውቃል። ስለዚህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዝም አለ። መጋረጃ አለ፣ ዕጣ አለ፣ እኔ ብፈልግስ ምን ላደርግለት እችላለሁ እያለ ራሱን አጽናና።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ታናሽየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቁን “እርስዎ” አለው። ዋና ሰፊው ሳቁን ለማፈን ጉንጩን ከውስጥ ነከሰ። ጣቃው ሁለት ሜትር ቢጎድል ምን ታደርጋለህ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወንድሙ ከትናንሾቹ ቁጥሮች እጀምራለሁ፣ ለኃላፊዋም ሳልቆርጥ እነግራለሁ አለ፤ ሜትር ራሷን ነቀነቀች። ዋና ሰፊው ሆዱ ውስጥ ብርሃን በራ።

ከሰዓት መጋረጃው ተዘረጋ። ዳኞቹ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጡ፤ የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ለክብር ሲባል ቆመዋል። ቁጥር አንድ ቆረጠ፣ ቁጥር ሁለት ቆረጠ። ቁጥር ሦስት መቀሱን ሲያነሳ ዋና ሰፊው ድርቅ አለ።

ሜትር ያላሰበችው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። እነ ዋና ሰፊው ስፌት ቤት ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ሰውን በመቀሱ ድምፅ ያውቁታል። አሮጌው ቆራጭ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ማን እየቆረጠ እንደሆነ፣ አልፎም መቀሱ መቼ እንደተሳለ ይናገር ነበር። የወንድሙ መቀስ ደግሞ ልዩ ነው፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ትንሽ ትንፋሽ። ዋና ሰፊው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። መጋረጃው ዓይንን እንጂ ጆሮን አልጋረደም።

ስድስቱ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ዋና ሰፊው በቁጥር ሦስት አንጻር ከአሥሩ ዘጠኝ ነጥብ ጻፈ። ቀጥሎ ምክንያት የሚለው ባዶ ቦታ ጋ ደረሰ። ወደ ጨርቁ አጎነበሰ። የኪሱ መስመር ከደረቱ መስመር በአንድ ጣት ስፋት ወርዷል። ሲሰፋ ካፖርቱ የለበሰውን የተጣመመ ሰው ያስመስላል። የቁጥር አምስትን አየ፤ ኪሱ የት እንዳለ ለማግኘት በጣቱ መዳሰስ ግድ ሆነበት፤ መስመሩ ከአንገት እስከ ጫፍ እንደ ዝናብ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

በምድር ላይ ያለ ውሸታም ሁሉ ቁጥር መጻፍ ይችላል። ምክንያት መጻፍ ግን ሌላ ነው፤ ጨርቁ እያየህ ነው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። “መስመሩ የገጠመ” ብሎ ሊጽፍ ሞከረ፤ “መስመሩ” ላይ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልገጠመ መስመር ሲያይ ጥርሱ የሚያመው ሰው ነው።

ብዕሩን አስቀመጠ።

“እትዬ፣ ቁጥር ሦስት ወንድሜ ነው” አለ።

አለቃ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ሜትር ግን አልተቆጣችም፤ በምን አወቅህ አለችው። ነገራት። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ፣ ስለ ሁለት አጭርና አንድ ረጅሙ፣ ስለ ሶፋውም ስለ በርጩማውም ነገራት። ስትሰማ ቆየችና መለኪያዋን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ጠቀለለችው፤ እንዲህ ስታደርግ ማንም አይቷት አያውቅም።

“የዚያን ቀን ዝምታህ አሳፍሮኛል” አለችው። “የአሁኑን ግን አልረሳልህም። አንተ እዚህ ባትነግረኝ እኔ ስለ ጆሮ መቼም አላስብም ነበር።”

እዚያው አራተኛው ወረቀት ግርጌ ላይ፣ ሲቆረጥ የስፌት መኪኖቹ ሁሉ ይሠሩ፣ ብላ ጨመረች። የዋና ሰፊውን የነጥብ ወረቀት ፊቱ ቀደደችው። በካውያ የምትተኩሰዋን ሴት፣ ቀኑን ሙሉ በጓሮው ክፍል በእንፋሎት ውስጥ የዋለችውን፣ አስጠራች፤ ጨርቆቹን እንድታይና ቃል በቃል የተጻፈውን መልስ እንድታነብ በእሱ ቦታ አስቀመጠቻት። ዋና ሰፊው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የመኪና አጣቢዎቹን ውኃ ሲቆጥር ቆየ፤ ውኃ አይቆጠርም፣ እሱ ግን ቆጠረ።

ሲጠሩት ውጤቱ ታውቋል። የሦስቱም ወረቀት ተገልጦ ሲታይ ቁጥር አምስት በሁሉም አንደኛ ነበር፤ ምክንያቱም በሦስቱም ላይ አንድ ነው፣ መስመሩ። መጋረጃው ተገለጠ። በግራ እጇ መቀስ የያዘች፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ አጠር ያለች ሴት ቆማለች። አለቃ አያት። እጇን አየ። ካፖርቱን አየ። ከዚያ ሄዶ የራሱን ግራ እጅ ዘርግቶ ጨበጣት። ዋና ሰፊው ይህን ሲያይ፣ የወንድሙ ነገር ቢያሳዝነውም፣ እቺን ሴትዮ አለቃ ሐብሐብ በሚመርጥበት ዘመን ከበሩ ነበር የሚመልሳት ብሎ አሰበ፤ ሜትርን ቀና ብሎ ማየትም ከበደው።

ለወንድሙ እኔ ልንገረው አለ። ሜትር አልፈቀደችም፤ እቅዱ ኃላፊዋ ትናገራለች ነው የሚለው። ወንድሙን በሩ ጋ አስቁማ ጨርቁን ዘርግታ አሳየችው። የጥያቄ መልሱ ከሁሉም የተሻለ እንደነበርም ነገረችው፤ መስመር መግጠም ከተለማመደ ለሚቀጥለው የረዳት ቦታ እንዲያመለክት፣ ዳኞቹ መካከልም ታላቁ እንደማይኖር። እሱም ጨርቁን ልውሰደው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ሰጠችው።

ዋና ሰፊው ቤቱ ሲደርስ ጨርቁ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተነጥፏል። ወንድሙ አጎንብሶበታል።

“ጋሼ፣ አንተም አይተኸው ነበር?”

“አይቼዋለሁ።”

“በስንት ሳትኩ?”

“በጣት።”

ወንድሙ ጣቱን ኪሱ ላይ አስቀምጦ ለካ። እውነት ነው፣ በጣት ነው። ከዚያ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ፤ በራሱ ኪስ መስመር ሳቀ፣ በታላቁ ጆሮም ሳቀ፣ እነዚህስ ቢቀጥሩኝ ደስ ይለኝ ነበር አለ።

እንግዲህ ቀኝ እጄን አንስቼ ስለጀመርኩ ልናዘዝ። ሳቁ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የጨመርኩበት፤ ታሪኩ እንዲያምር። በእውነቱ ወንድሙ ጣቱን ኪሱ ላይ እንዳስቀመጠ ቀረ፤ ለአሥራ አንድ ቀንም ታላቁን አላናገረውም፤ ጨው እንኳ ሲያስፈልገው በሚስቲቱ በኩል ነበር የሚጠይቀው።