የልዑሉ ባዶ ጣት

«አትሂድ ልጄ! መንገዱ ሁሉ ደም ነው!» አለች፣ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ።

«ድገሚው» አለ የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ወዲያ። «ልጇን የምትለምን ሳይሆን አውቶቡስ የምትጠብቅ ንግሥት ሆነችብኝ።»

ደገመችው። ከውጭ የሚመጣውን ተከታታይ የአስማት ድራማ የምትተረጉመው እሷ ናት፤ የልዑሉ እናት ስትናገርም ድምፁ የእሷ ነው። በዚህ የተነሳ ስቱዲዮው ውስጥ ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «እቴጌ» ይላታል። እቴጌ ዛሬም ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ ሁለቱንም ቆማ ነው የመጣችው።

ሦስተኛውን «አትሂድ» ልትል አፏን ስትከፍት ሥራ አስኪያጁ በሩን በርግዶ ገባ።

«እቴጌ፣ ጉድ ፈልቷል። ባለፈው እሑድ ባስተላለፍነው ክፍል ልዑሉ ፊቱን ሲታጠብ ጣቱ ላይ ቀለበት የለም አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አላረፈም። አንዷማ ‹ያቃጠላችሁብኝን ጊዜ መልሱልኝ› ብላ ጮኸችብኝ።»

ቀለበቱ ቀልድ አይደለም። ጠንቋይዋ ለልዑሉ ስትሰጠው፣ «ከጣትህ የወጣ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ትጃጃለህ» ብላዋለች። ድራማው በሙሉ የቆመው በዚች ቃል ላይ ነው። ልዑሉ ግን ያለ ቀለበት ታጥቦ፣ ያለ አንዲት ሽበት ፈረሱ ላይ ወጥቷል።

«የለም?» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። «እውነት የለም?»

«ራስሽ እዪዋ!»

የድምፅ ባለሙያው ያለፈውን ክፍል አወጣና ምስሉን አቆመው። ውሃው ከልዑሉ እጅ ላይ ይንጠባጠባል። ጣቱ ባዶ ነው፤ ቀለበት ይቅርና የቀለበት ምልክት እንኳ የለበትም።

«ተዋናዩ ሳሙና አሟልጮት ረስቶት ይሆናል» አለ ባለሙያው። «እኔና አንቺ ስንት ጊዜ አየነው እኮ!»

አዎ፣ ስንት ጊዜ አይተውታል። ግን በዚህ ሥራ የሚታየው አፍ ነው። መቼ ተከፈተ፣ መቼ ተዘጋ፣ ቃሉ ከከንፈሩ ገጠመ ወይ። ልዑሉ ሱሪ ሳያደርግ ቢመጣም፣ እየተናገረ እስከሆነ ድረስ እነሱ አያዩትም።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ስለ ድራማው የደነገጠች መስሎት «አይዞሽ» አላት።

እሷን ያስደነገጣት ግን የአባቷ ነገር ነው።

እሑድ ማታ አባቷ፣ እሷና ታላቅ ወንድሟ አብረው ነበር ያዩት። አባቷ ብድግ ብለው በከዘራቸው ስክሪኑን እየጠቆሙ፣ «ቀለበቱስ? ይሄ ልጅ ቀለበቱን የት ጣለው?» አሉ። ወንድሟ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «አባባ ደግሞ ጀመረህ» አላቸው። ባለፈው ወር ቧንቧ ከፍተው ረስተው ጎረቤት ውሃ ገብቶበታል፤ ከዚያ ወዲህ ወንድሟ አባባን ወስዶ ከራሱ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ውስጥ ሊያስቀምጣቸው፣ የሳቸውን ቤት ሊያከራይ ቆርጧል። አባባም «ልቤ ሙሉ ነው፣ ከቤቴ አልነቃነቅም» ብለው ድርቅ ብለውበት ነበር።

ያኔ ነው እሷ አፏን የከፈተችው። ደክሟት ነበር፤ ንትርኩ እንዲያልቅላት ብቻ ፈልጋ፣ «አባዬ፣ እኔ ሠርቼዋለሁ እኮ። ቀለበቱ ነበር» አለች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አባቷ አልተከራከሩም። ቁጭ አሉና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አንቺ ካልሽማ ነበር ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድ ልጃቸው ዞር ብለው፣ «ክፍሏ መስኮት አላት?» ብለው ጠየቁት። የመጪውን እሑድ ድራማ እዚያው ቤታቸው ካዩ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ሊወስዳቸው ተስማሙ።

በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለወንድሟ ደወለች። ስልክ ስቱዲዮው ውስጥ አይገባም፤ በር ላይ ተቆልፎበት ነው የሚውለው። ምስል አንስቶ የወጣ ደግሞ በዚያው ከሥራው ይባረራል።

«ጋሼ፣ ቀለበቱ የለም። አሁን አየሁት። አባዬ ልክ ነበር።»

«እሑድ ነበር አልሽ፣ ዛሬ የለም አልሽ» አለ ወንድሟ። «አንቺም ክፍል ይፈለግልሽ እንዴ?»

«አፍ አፉን ሳይ ነው የሳትኩት፤ በእናትህ ስማኝ!»

«አባባ እሺ ብሎ ልብሱን አጥፏል። አሁን አታነካኪው። ስንት ቀን ለምኜ ነው!»

ስልኩን ሲዘጋባት አባቷ ጋ ደወለች። ከሁሉም ይልቅ ያደከማት የሳቸው መልስ ነው።

«ተይው የኔ እናት» አሉ፣ ለስለስ ብለው። «ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው። ቀለበቱ ነበር። እኔም ኋላ ሳስበው አይቼዋለሁ።»

«አላየኸውም አባዬ! የለም እኮ!»

«አይቼዋለሁ። ቢጫ ነው፣ ፈርጥ አለው። ይልቅ ምሳ በልተሻል?»

ስልኳን መልሳ በሩ ላይ አስቆለፈች። ያላዩትን አይተዋል ብላ ያሳመነቻቸው እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ መልሳ ልትነቅለው ብትል የሚሰማት የለም። ሰው ያላመነውን ቴሌቪዥን ሲናገረው ያምናል፤ ወንድሟም ቢሆን።

ስትመለስ ሥራ አስኪያጁ መላውን አግኝቶ እጁን እያፋተገ ጠበቃት።

«ስሚ፣ በመጪው እሑድ ክፍል ልዑሉ በፈረስ ሲርቅ እናቱ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች አይደል? አፏ አይታይም። እዚያ ላይ አንድ ነገር ትበል፤ ‹ቀለበትህ በአስማት የማይታይ ሆኗል፤ ደካማ ዓይን አያየውም› ትበልና እንገላገል። ተመልካቹም ዝም ይላል።»

«ደካማ ዓይን?»

«ምን አለበት? ያላየ ጥፋቱ የራሱ ነው ማለት ነው» አለና ቢሮ ስልክ ይፈልግሃል ተብሎ ወጣ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሏል ይሄ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋች። ስክሪኑ ላይ ንግሥቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ካባዋ በነፋስ ይውለበለባል፣ ልዑሉ ከሩቅ ትንሽ ነጥብ ሆኗል። አፍ የለም። በሦስት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ነፃ ሆና የምትናገርበት ቦታ አግኝታ አታውቅም።

«ዝግጁ?» አለ የድምፅ ባለሙያው።

ራሷን ነቀነቀች። ቀዩ መብራት በራ።

«ልጄ፣ ቀለበትህስ?» አለች፤ አልጮኸችም። «ባለፈው ስትታጠብም ጣትህ ባዶ ነበር። እኛ ነበር ብንልም፣ አንድ ሽማግሌ ባዶውን አይቶታል።»

ባለሙያው ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሳ። «ይሄ መልስ ነው እንዴ? ሥራ አስኪያጁ መልስ ነው እኮ ያለሽ!»

«መልሱን የጻፉት ይፈልጉለት።»

«ሽማግሌው ማነው ደግሞ? ከየት መጣ?»

«አለ።»

«እቴጌ፣ አትቀልጂ። ሥራ አስኪያጁ እሑድ ቤቱ ተቀምጦ ሲሰማው ንግሥቲቱን ነጥቆ ለሌላ ይሰጥብሻል።»

«ይስጣታ» አለች። «ያቺ ሴትዮ ልጇን ስትለምን ሦስት ዓመቷ፤ አንድ ቀን ሰምቷት አያውቅም። እኔንም አድክማኛለች።»

ባለሙያው ወደ ማሽኑ አጎነበሰ። ጣቱ አዝራሩ ላይ ነው።

«እሺ፣ ላጥፋው ወይስ ይግባ?»

«ይግባ» አለች፣ ማዳመጫዋን እያወለቀች።