ማንም ያልወሰደው ጭቃ

አልጋዬ ብሎኬት ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። የመጨረሻ ልጄ ሳይወለድ የገቡት ብሎኬቶች፣ ልጄ ትዳር ይዞ ከወጣ በኋላም እዚያው ነበሩ። አልጋው ላይ ስቀመጥ እግሬ እንደ ሕፃን እግር ይንጠለጠላል። ቤቴ የመጣ ሁሉ "ምነው አልጋሽ ሰማይ ሊወጣ ነው እንዴ?" እያለ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ከባሌ ታላቅ ወንድም ግቢ የሚወርደው ውሃ መኝታ ቤቴ ይገባ ነበር፤ ብሎኬቱም ለዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ሲሞቱ ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ ላይኛው ለታላቁ፣ ታችኛው ለእኛ። በዚህ ቅር አላለኝም፤ ታላቅ ታላቅ ነው። ወንድም ጋሼ የምለው ይሄው ታላቁ ግን ጎሚስታ ነው፤ ግቢውን ጎማ መጠገኛ አደረገውና ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ አፈሰሰበት። የመንገዱ ጎርፍ እንዳይገባበት በሩ ሥር ከፍ ያለ ደፍ ሠራ። ለራሱ ውሃ ደግሞ በጋራ ግድግዳችን እግር ቀዳዳ በሳለት፣ ወደ እኔ! ዝናብ ባይኖር እንኳ ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ እየነከረ አየር የሚያፈስበትን ቀዳዳ የሚፈልግበት ጥቁር ውሃ አለ። ማታ ማታ ይደፋዋል፣ ወደ ጓሮዬ ይመጣል።

ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን "አንተ" ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ ኧረ እባክዎን ለዚህ ውሃ መላ ይፈልጉለት።"

"ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው" ይለኛል እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "እኔ ነኝ የፈጠርኩት?"

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሰፈሩ ራስ ሁሉ እጁ ላይ ስለሚያልፍ ከማንም መጣላት አይሆንለትም። "ተይው ባክሽ፣ ወንድሜ እኮ ነው፤ ክረምቱም ሊወጣ ነው" ይላል። ክረምቱ ይወጣል። ብሎኬቱ አይወጣም።

ታዲያ አምና ጓሮ የተከልኩት ጎመን ከነሥሩ በሰበሰ። መደቡ መረሬ፣ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው፤ ውሃ ከያዘ አይለቅም፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ሰርዶውማ አይነሳ! ላዩን ብነቅለው ሥሩ ከታች ሆኖ ይስቅብኛል። እልህ ያዘኝ። ለም አፈር ልሞላበት ወስኜ ዶማዬን አነሳሁና መደቡን እስከ ጉልበቴ ድረስ ቆፍሬ አወጣሁት። ባሌ ከሥራ ሲመለስ ጉድጓዱን አይቶ ክው አለ።

"ማን ሞተ?"

"እስካሁን ማንም" አልኩት።

የወጣው ጭቃ ግን ክምር ሆኖ ቁጭ አለ። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ደጃፌ ላይ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ደረደርኩላቸው። ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ አንዱን ሊያነሳ ሞከረና ወገቡን ያዘ።

"እትዬ፣ ከነነፍሱ ሰው ነው እንዴ የከተቱበት?"

"አፈር ነው።"

"አፈር አንወስድም። የቤት ቆሻሻ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ይሄ ከቤቴ አይደለም የወጣው?"

ሳቀ እንጂ አልወሰደልኝም። ቤት የምታሠራ ጎረቤቴ ለሙሌት አፈር ትፈልጋለች ሲባል ሰምቼ እሷን ጠራኋት። መጣች፣ ከከረጢቱ አንድ የሰርዶ ሥር በጣቷ መዘዘች፤ እየረዘመ ሄደ፣ እየረዘመ ሄደ።

"እህቴ፣ እወድሻለሁ" አለችኝ። "ይሄን ግን ለጠላትሽ ስጪ።"

የቀረኝ ወንድም ጋሼ ነበር። የደንበኞቹ ፒካፕ ባዶውን ሲመለስ ቢጭንልኝ ብዬ ጠራሁት። የሱ ግቢ ከፍ ስለሚል በግድግዳው ላይ እስከ ደረቱ ይታያል።

"ያንን ቆሻሻ? አንዲት ጭብጥ ወደ እኔ እንዳትመጣ! ሰርዶ ሲሚንቶ ይሰነጥቃል።"

"ታዲያ የት ልጣለው?"

"እኔ ምን አገባኝ? ከግድግዳው ወዲያ ያለው ያንቺ ጣጣ ነው። የፈለግሽበት ከምሪው፤ ብቻ እኔ ጋ አይድረስ።"

ባሌ በረንዳ ላይ መቀሱን እየሳለ ይሰማ ነበር። ቀና አላለም።

በንዴት ከረጢቶቹን እየጎተትኩ ግድግዳው ሥር ዘረገፍኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ ጓሮዬ ደረቅ ነው። ያ ጥቁር ውሃ የለም። ጎንበስ ብዬ ባይ አንዱ ክምር ልክ ቀዳዳው አፍ ላይ ወድቋል። ውሃው ከወዲያ ቆሟል፤ ጭቃው ጠብታ እንኳ አላሳለፈም። ጎመኔን የገደለው ያው ጭቃ! በጉልበቴ እንደተንበረከክሁ ሳቄ መጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ጭቃውን እያረጠብኩ በግድግዳው ርዝመት ደረደርኩት፣ በባዶ እግሬ ረገጥኩት፣ አንዱ ሲጠብቅ ሌላ ደረብኩበት። ሰርዶውን አልለቀምኩም። እንዲያውም ሥሩ ጭቃውን አጥብቆ እንዲይዝልኝ የተረፈውን ላዩ ላይ ቀበርኩና ውሃ አጠጣሁት።

"አንቺ ሴት፣ ሰርዶ ታጠጫለሽ?" አለ ባሌ። "ቀዳዳውንም ደፈንሽው እኮ! ሊጣላን ነው።"

"እኔ አፈሬን ነው የከመርኩት። ይጣላና! ይሄን ሁሉ ክረምት ብቻዬን ከውሃ ጋር ስጣላ የት ነበርክ?"

ኮቱን አንስቶ ወደ ሥራው ወጣ።

ግን በድብቅ አላደረግሁትም። ግድግዳው ሥር ቆሜ ተጣራሁ።

"ወንድም ጋሼ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ለውሃዎ ወደ መንገዱ ቦይ መውጫ ያብጁለት። በእኔ በኩል ከእንግዲህ መንገድ የለም።"

ብቅ ብሎ አረንጓዴ ማውጣት የጀመረውን ግድቤን አየና ከት ብሎ ሳቀ። "በሳር ጎርፍ ልታቆሚ? አንድ ዝናብ ጠራርጎ ነው የሚወስደው!"

"እናያለን።" የማታውን ጥቁር ውሃ በባልዲ መንገድ ላይ እየደፋ ሰነበተ፤ ለዝናቡ ግን ምንም አላበጀም።

ዝናቡ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣሪያውን እየደበደበ መጣ። ጃንጥላ ይዤ ጓሮ ቆምኩ። ግድቡ ከተናደ ብሎኬቱም እኔም እስክንሞት አንለያይም። ጭቃው ጠቆረ፣ አበጠ፣ ሰርዶው ተኛ። ግን ንቅንቅ አላለም። ከግድግዳው ወዲያ የባልዲ ኳኳታ ሰማሁ፤ ቀጥሎ "እንዴ! እንዴ!" የሚል ድምፅ። ለመንገዱ ጎርፍ የሠራው ደፍ የራሱን ውሃ ይዞ አስቀርቶበታል።

ወዲያው በራችን ተደበደበ። ወንድም ጋሼ ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፣ አንድ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላኛው ላይ የለም።

"ቤቴ ሊገባ ነው! ያንን ጭቃ አንሺ!"

"ወንድም ጋሼ፣ ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው" አልኩት። "እኔ ነኝ የፈጠርኩት?"

ወደ ባሌ ዞረ። "አንተ! ሚስትህን አንድ በላት እንጂ!"

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ ወንድሙን። "ወንድሜ፣ ‹የፈለግሽበት ከምሪው› ያልካት አንተ ነህ። እኔም ሰምቻለሁ።"

እሰይ የኔ ጌታ! ለዚህች ቃል ስል ሌላ ጓሮ ሙሉ ብቆፍርም አይቆጨኝም።

ወንድም ጋሼ ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየ። ዝናቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። "ዶማ አላችሁ?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አቀበልኩት። "ደፉን መሃል ለመሃል ይስበሩት፤ ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ ይወጣል። ሲጨርሱ አጥበው ይመልሱልኝ።"

ደፉን ሲሰብር እያንዳንዱን ምት መኝታ ቤቴ ሆኜ ሰማሁት። ወለሉ ደረቅ ነበር፤ በባዶ እግሬ ከጥግ እስከ ጥግ ሄድኩበት። ከዚያ ባሌን ጠራሁት። እሱ አልጋውን በየጥጉ ከፍ አደረገልኝ፣ እኔ ብሎኬቶቹን ጎተትኩ። ቁጭ ስል እግሬ መሬት ነካ። ዝናቡ ሲያባራ ብሎኬቶቹን ተሸክሜ ጓሮ ወጣሁ፤ በለም አፈር በሞላሁት መደብ ዙሪያ ደረደርኳቸውና መሃሉ ላይ ጎመኔን ተከልኩ።