ጠባሳ ያለባት ኤሊ

ሠላሳ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ስለኖርኩ፣ የጣት አሻራ ያረፈበት ሥራ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለዘመቱት ወታደሮች ኪስ የሚሆኑ፣ ገድ ይሆኗቸዋል የተባሉ ትንንሽ ኤሊዎች፣ ሲጋገር ከሚጠነክር የፕላስቲክ ጭቃ እየሠራን በምንልክበት አዳራሽም ሕጌ ይኸው ነበር፤ ኤሊዋ ምድጃ ከመግባቷ በፊት አልኮል በነካው ጥጥ ትጠረግ።

የወንድሜ ሚስት ግን አትሰማም። አውራ ጣቷን ድሮ ቢላ ቆርጦት ጠባሳ ስላለበት፣ በነካቻት ኤሊ ሁሉ ጀርባ ላይ ሰያፍ መስመር ትታ ታልፋለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ባደርግሽ ይሻላል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ልጄም እኮ ግንባር ነው ያለው" አለች።

"ለእሱ ትድረስ ለሌላ በምን ታውቂያለሽ? እዚያ ሲደርስ በዕጣ ነው የሚታደለው።"

ጥጡን አንስቼ የሠራችውን ሁሉ ራሴ ጠረግሁ። አንዷ ብቻ አምልጣኝ ኖሯል።

ከሁለት ወር በኋላ በእኔ ስም ደብዳቤ መጣ። ጻፊው የወንድሜ ልጅ ነው።

"አክስቴ፣ የደረሰችኝ ኤሊ እንደ መስታወት የለሰለሰች ነበረች። ያንቺ እጅ እንደሆነ ገባኝ፣ እግዜር ይስጥሽ። የእማዬን ጠባሳ ግን አጠገቤ በሚተኛው ጓደኛዬ ኤሊ ላይ አየሁት። ያንቺን ሰጥቼው፣ አንድ ጥንድ ካልሲም መርቄ ለወጥኩት። ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ስለምዳብሳት ግን መስመሩ እየጠፋ ነው። ለሚቀጥለው ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚ በያት።"